ነውሩ የማን ነው?

በሕንድ ፊልም ፍቅረኞቹ ከንፈር ለከንፈር ሊገናኙ ሲቃረቡ ካሜራው ድንገት ወደ አበባ ወይም ወደ ወፍ ፊቱን ሲያዞር ብዙዎቻችን አይተን ስቀናል፤ ምክንያቱን ግን እምብዛም አልጠየቅንም።

መሳም ለሕንድ ሲኒማ እንግዳ ሆኖ አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1933 በወጣው «ካርማ» በተባለው ፊልም ዴቪካ ራኒና ሂማንሱ ራይ ሲሳሳሙ ታይተዋል። ሆኖም ከነጻነት በኋላ በ1952 የወጣው የሲኒማ ሕግ፣ እንደ እንግሊዞች ዘመን ሁሉ፣ ማናቸውም ፊልም ለሕዝብ ከመታየቱ አስቀድሞ እንዲመረመር አጸና። በዚህም ዘመን መሳም ከፊልሙ ሊጠፋ ጥቂት ቀረው።

በ1969 ግን በዳኛ ኮስላ የተመራው ኮሚቴ፣ ታሪኩ ግድ የሚል ከሆነ መሳምም ሆነ ራቁትነት ሊፈቀድ ይገባል ሲል ሐሳብ አቀረበ። ይኸውም መለኪያው «ምን ታየ» መሆኑ ቀርቶ «ስለ ምን ታየ» ይሁን ማለቱ ነው።

ይህ መለኪያ በብርቱ የተፈተነው በ1994 ሼካር ካፑር ባወጣው «ባንዲት ኩዊን» ማለት «የሽፍቶች ንግሥት» በተሰኘው ፊልም ነው። ፊልሙ ከዝቅተኛ ወገን ተወልዳ ብዙ ግፍ ከደረሰባት በኋላ የሸፈተችውን የፑላን ዴቪን ሕይወት ይተርካል። በአንዱ ትርኢት ወንዶች ከበዋት ራቁቷን ከጉድጓድ ውሃ ያስቀዷታል። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፊልሙን ፈቃድ ሰረዘ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1996 ፈቃዱን መለሰ። ትርኢቱ ምኞትን የሚቀሰቅስ ሳይሆን ተመልካቹ ግፈኞቹን እንዲጸየፍ የሚያደርግ ነው ሲልም ፈረደ።

እኛም በዚህ ፍርድ እንስማማለን፤ ነውሩ የገፈፏት ሰዎች ነው እንጂ የተገፈፈችው ሴት አይደለምና። ነገር ግን አንድ ነገር ያሳስበናል። ፑላን ዴቪ ራሷ ፊልሙ በሕንድ እንዳይታይ ተሟግታ ነበር፤ ታርቃ ክሷን የተወችው ከዚያ በኋላ ነው። መርማሪው ስለ ጨዋነት፣ ጥበበኛውም ስለ ነጻነት ሲከራከሩ፣ የገመናው ባለቤት እርሷ መሆኗን ያሰበ ጥቂት ነበር።

እንግዲህ ከመካከላችን ነገ የፈቃድ ማኅተም የሚይዝ ወጣት፣ የታየውን ሥጋ ከመለካት ይልቅ ትርኢቱ ስለ ምን እንደ ተሠራ ይጠይቅ። ካሜራ የሚይዘውም የሰውን ቁስል ለዓለም ከማሳየቱ በፊት ባለ ቁስሉን ያስፈቅድ። መቀስ ይህን ጥያቄ ሊመልስልን አይችልም።