የ117ኛው ደቂቃ ጎል

ወልድያ አቅራቢያ ባለችው ግራና ማሽላው ታጭዶ አገዳው ከተነሳ በኋላ የኳስ ሜዳ አይቸግርም። ሁለት ድንጋይ ወዲህ፣ ሁለት ድንጋይ ወዲያ ይቀመጥና ጨዋታው ይጀመራል። ጎል የሚቆጥር አይጠፋም፤ የሁለቱ ቡድን ቆጠራ ግን ገጥሞ አያውቅም። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ከብት የሚያስገባው ልጅ ይቸኩላል፣ ሌላው ከቤት ይጠራል። ያኔ አንዱ «ያገባ ያሸንፋል!» ብሎ ይጮኻል። ከዚያ በፊት የገባው ሁሉ ተሰረዘ ማለት ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አጥቂ የነበረውን የመንግሥቱ ወርቁን የተጫዋችነት ዘመን ባሰብኩ ቁጥር ይህ የልጅነት ደንብ ይመጣብኛል፤ የእሱን ኳስ ከጎሎቹ ብዛት ይልቅ ጎሎቹ ከገቡበት ሰዓት መረዳት ይሻላል ብዬ ስለማምን።

የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም እሑድ ነበር፤ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን። አዲስ አበባ ላይ ለውድድሩ የቀረቡት ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ኡጋንዳና ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ የምትባለው ግብፅ ብቻ ነበሩ። አራት አገር ስለሆኑ ዋንጫውን ለማንሳት ሁለት ጨዋታ ማሸነፍ ይበቃል። ዛሬ ሲሰማ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሁለት ጨዋታ ብቻ ያለው አጥቂ የሚያካክስበት ቀን የለውም፤ የመጀመሪያው ቀን እግሩ ከከዳው ሁለተኛው ቀን አይመጣም። የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ቱኒዚያ 4 ለ 2 ስትሸነፍ 2 ጎል አገባ፣ በፍጻሜው ደግሞ 1 ጨመረ። በ2 ጨዋታ 3 ጎል፤ ከግብፁ ባዳዊ አብደል ፈታህ ጋር እኩል የውድድሩ ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆነ።

ፍጻሜው ቀላል አልነበረም። ግብፅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎች ወስዳለች፤ በ1949 ዓ.ም ካርቱም ላይ በፍጻሜው ኢትዮጵያን 4 ለ 0 ያሸነፈችውም እሷ ናት። በዚህ ቀንም ሁለት ጊዜ መርታ ነበር። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 ባያደርገው ኖሮ ሌላ የምናወራው አይኖርም ነበር። በጭማሪው ሰዓት፣ በ101ኛው ደቂቃ፣ ወንድሙ ኢታሎ 3 ለ 2 አደረገ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አንድ ሩብ ሰዓት ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንድ ጎል የሚመራ የደከመ ቡድን ወደኋላ ይሰበሰባል፤ ኳስ የሚያወጣው ለማጥቃት ሳይሆን ለመተንፈስ ነው። ግብፅ ደግሞ የምታጣው ስለሌለ ሰዎቿን ሁሉ ወደፊት ትልካለች። አጥቂው እዚያ ፊት ለፊት ብቻውን ይቀራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ የአየሩ መሳሳት እንግዳን እንደሚያደክም አልክድም፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሮጠውን ባለአገርም ግን አይምረውም። መንግሥቱ አራተኛውን ጎል ያገባው በ117ኛው ደቂቃ ነው። ሦስት ደቂቃ ቀርቶ 4 ለ 2። ለእኔ የዚህ ሰው ትልቅነት ከዚህች ጎል በላይ የሚታይበት ቦታ የለም።

ታዲያ ቁጥሩ ለምን አያስረዳም? ከ1954 እስከ 1962 ዓ.ም ባሉት አምስት የአፍሪካ ዋንጫዎች ኢትዮጵያ በጠቅላላው ያደረገችው ጨዋታ 15 ነው። ዛሬ 24 አገር በሚሳተፍበት ውድድር ዋንጫ የሚያነሳ ቡድን በአንድ ወር ውስጥ 7 ጨዋታ ያደርጋል። በ1962 ዓ.ም ሱዳን ላይ የኮትዲቯሩ ሎራን ፖኩ ኢትዮጵያ 6 ለ 1 በተሸነፈችበት ቀን ብቻውን 5 ጎል አገባ። ፖኩ በሁለት ውድድር የሰበሰበው 14 ጎል ሳሙኤል ኤቶ እስኪያልፈው ድረስ ክብረ ወሰን ሆኖ 40 ዓመት ገደማ ቆየ። ታላቅ ተጫዋች ነው፤ ሆኖም ከአምስቱ ጎሎች ስንቱ ጨዋታውን እንደወሰነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቁጥሩ የማያስረዳው መዝገብ ስለሌለም ነው፤ አሜሪካኖች በራሳቸው እግር ኳስ ይህ ችግር የለባቸውም። ኳሱን እያነሳ ለጓደኞቹ የሚወረውረው መሪ ተጫዋች የወረወረው ሁሉ ይመዘገባል። ከእነዚህ አንዱ ቶም ብሬዲ 23 የውድድር ዘመን ተጫውቶ፣ 7 ሻምፒዮና አሸንፎ ሲሰናበት ሥራው ሁሉ በመዝገብ ነበር። የእኛን የአገር ውስጥ ጨዋታ እንዲያ የመዘገበልን ቢኖር፣ መንግሥቱ በጊዮርጊስ ማልያ የሠራውን ዛሬ ጎል በጎል እንቆጥረው ነበር። ይህ ያሳዝነኛል።

ጫማውን ከሰቀለ በኋላ አሠልጣኝ ሆነ። በ1974 ዓ.ም ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ለአፍሪካ ዋንጫ ሊቢያ ሄደ፤ በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸንፈው፣ ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ወጥተው ተመለሱ። ጎል የለም። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ወደዚያ መድረክ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጀባት።

ለግራና ልጆች ዛሬ ትልቁ ሜዳ ቅርብ ነው፤ ወልድያ ላይ በ2009 ዓ.ም የተመረቀው ስታዲየም ከ25 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። መንግሥቱ አላየውም፤ በ2003 ዓ.ም ታኅሣሥ አርፏል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም ጥር፣ ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ያደረገችውን ጎል ያገባው አዳነ ግርማ ነው፤ እሱም የጊዮርጊስ ልጅ።