ለሠራተኛ የሥራ ልክ ስለ መወሰን

አለቃ ለጸሐፊዎቹ፤ ወይም እመቤት ለቤቷ ሠራተኞች የሥራ ልክ ወስነው ሳይፈጸም ሲቀር፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት የሠራተኛው ስንፍና ነው። ይህ ፍርድ የቱን ያህል እውነት እንደ ሆነ ግን በአሜሪካ አገር በአንድ የልብስ ፋብሪካ ተመርምሯል።

ሃርውድ የተባለው ይህ ፋብሪካ በቪርጂንያ ግዛት በማሪዮን ከተማ ፒጃማ ይሠራ ነበር። ደመወዝ የሚከፈለው በተሠራው ሥራ ብዛት ሲሆን፤ የተወሰነው ልክ በሰዓት 60 ነበር። የሥራው አኳኋን በተለወጠ ቍጥር ግን ሠራተኞቹ ያጕረመርማሉ፤ ሥራቸውም ይቀንሳል። ሌስተር ኮችና ጆን ፍሬንች የነገሩን ምክንያት መርምረው በ1948 እ.ኤ.አ. አሳተሙት።

መጀመሪያ፤ ልብስ ተኵሰው ስድስት ስድስቱን በካርቶን ላይ ይደረድሩ የነበሩት 18 ሠራተኞች ወደ ፊት በሣጥን ውስጥ እንዲደረድሩ ታዘዙ። ለውጡ ጥቂት ነው። ተሰብስበው ምክንያቱና አዲሱ ክፍያ ተነገራቸው፤ ለጥያቄያቸውም መልስ ተሰጠ። ነገር ግን ሁሉ ነገር አስቀድሞ ተቈርጦ ነበር። ሥራቸው ወደ 50 ገደማ ወርዶ በዚያው ቀረ፤ በ40 ቀን ውስጥም ከመቶው 17 ሥራውን ለቀቁ።

ለሌሎች ሁለት ክፍሎች ግን ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ልብሶች ቀረቡላቸው፤ አንደኛው የሌላውን እጥፍ ዋጋ ያወጣ ነበር። ርካሹ የትኛው እንደ ሆነ ቢጠየቁ ለመለየት አልቻሉም። ወጪ መቀነስ እንደሚያስፈልግ በዚህ ተረዱ፤ ከዚያም አሠራሩን ራሳቸው መከሩበት፤ የሥራው ልክም በእነርሱ ላይ በሰዓት እየተለካ ተወሰነ። አሳባቸው ከመብዛቱ የተነሣ የስብሰባው ጸሐፊ ለመመዝገብ ተቸግሮ ነበር ይባላል። ሥራቸው ፈጥኖ አገግሞ ከቀድሞው በመቶ 14 ያህል በለጠ፤ በ40 ቀንም ውስጥ አንድ ሰው አልለቀቀም።

ከመጀመሪያው ክፍል የቀሩት 13 ሠራተኞችስ? ከሁለት ወር ተኩል በኋላ፤ ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወሩ እንደዚሁ እንዲመክሩ ተደረገ፤ ሥራቸውም ፈጥኖ ተነሣ። ሥራቸው ወርዶ የነበረው እኒያው ሰዎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ለውጡ ይደረግ ወይም ይቅር ተብሎ ሠራተኛው አልተጠየቀም፤ ያን የወሰነው ባለ ፋብሪካው ነው። ለበዓል ድግስ የሚያስፈልገውን እንጀራ ብዛት የምታውቀው እመቤቲቱ እንደ ሆነች ሁሉ፤ በአንድ ምጣድ በሰዓት ስንት እንደሚወጣ፤ ማገዶውም እርጥብ ሲሆን ስንት እንደሚጐድል የምታውቀው ጋጋሪዋ ናት፤ ልኩም ከመቈረጡ በፊት ብትጠየቅ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።