መንታ የሚመስሉ ሞተሮች

ባለ 125 ወይም ባለ 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል ሊገዛ የወጣ ሰው ዛሬ የሚቸገረው ሁሉም ስለሚመሳሰሉበት ነው። በ1970ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጥያቄው ባለ ሁለት ምት ነው ወይስ ባለ አራት ምት የሚል ነበር። ይህ ደግሞ በጭሱና በድምፁ ከሩቅ ይታወቃል፤ ያማሃ ኤጂ 100ን የመሰሉት ባለ ሁለት ምቶች ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ያቃጥላሉ።

ሆንዳ በ1976 ሲጂ 125ን ሲያወጣ ግን መመሳሰሉ ጀመረ። ሞተሩ የታሰበው ጥገና ለማይበዛበት አገር ነው። ካምሻፍቱ ወደ ታች ወረደ፣ ቫልቮቹንም ዘንግ ይገፋቸዋል፤ ስለዚህ ውስጥ የሚላላ ካቴና የለም። የቻይና አምራቾች ይህንን ሞተር በየስሙ አባዙት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ማርካ ማወዳደር ብዙ ጊዜ ሁለት ተለጣፊ ማወዳደር ነው። ሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸውን ኮድ ማንበብ ይሻላል። ለምሳሌ 156 ኤፍኤምአይ ቢል፣ 1 የሲሊንደሩ ብዛት፣ 56 የሲሊንደሩ ስፋት በሚሊሜትር፣ ኤፍ በአየር መቀዝቀዙ፣ አይ ደግሞ የ125 ሲሲ ምድብ ነው። ኮዱ ግን ሁሉንም አይናገርም፤ 162 ኤፍኤምጄ በዘንግ የሚሠራም በካቴና የሚሠራም ሊሆን ስለሚችል መካኒክ ይዞ መሄድ ነው።

ቀጥሎ የመጡት የሕንዶቹ ናቸው፦ ባጃጅ ቦክሰር፣ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ቲቪኤስ ኤችኤልኤክስ። እነዚህን በፈረስ ጉልበት የሚያበላልጥ ሰው ጊዜውን ያባክናል፤ ወረቀት ላይ የሚታየውን ልዩነት ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ክብደት ይውጠዋል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምሄደው መለዋወጫ ሻጩ ዘንድ ነው። የሁለቱንም ካንዴላ፣ ካቴናና የፍሪሲዮን ዲስክ ዋጋ በአንድ ቀን ጠይቄ ኦርጅናሉን ከማስመሰያው ለይቼ አያለሁ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከ2019ኙ የሞተር ሳይክል ክልከላ ወዲህ ታርጋና ፈቃድ ከሞዴሉ ይቀድማል።

አሁን የኤሌክትሪኩ መጥቷል፤ ሻጮች የሚያስተዋውቁት የሞተሩን ዋት ነው። ዋቱ የሚነግረን ጉልበቱን እንጂ ምን ያህል እንደሚያስኬድ አይደለም። ቮልቱን በአምፔር ሰዓት አባዝቶ ለ1000 ማካፈል ይሻላል፦ 72 ቮልትና 40 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ 2.88 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፣ 60 ቮልትና 20 አምፔር ሰዓት ያለው 1.2 ብቻ። ሁለቱም ላይ ያው “2000 ዋት” ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ከዚያ ባትሪው ሊቲየም ነው ወይስ እርሳስ፣ ሲደክምስ ምትኩን ማን ይሸጣል፣ በስንት?