አራተኛው ጠርዝ

የዴንቨር ጎረቤት በሆነችው አውሮራ ውስጥ፣ ከሃቫና ጎዳና ብዙ በማይርቅ ጋራዥ፣ አንድ የአየር ቱቦ ባለሙያ ቅዳሜ ቅዳሜ ለራሱ ይሠራል። ብቅ የሚሉ ወገኖቹ ከሰላምታ ቀጥለው የሚጠይቁት አንድ ነው፦ «ላሜራ ማጠፊያ ልገዛ ነበር፤ የቱ ይሻላል?» እሱም ጥያቄውን ይመልሰዋል፦ «ምን ልትሠራበት?»

ሰሞኑን የመጣው ወጣት መልስ ነበረው። ጓሮ ቡና ሲፈላ ከማንደጃው የሚረግፈውን አመድና ፍም የሚይዝ፣ ባለ አራት ግድግዳ ትሪ ሊሠራ ነው። ቀላል ነገር አይደለም። በዲሴምበር 2021 በቦልደር አውራጃ ከ1,000 በላይ ቤቶችን ካወደመው የማርሻል እሳት መነሻዎች አንዱ፣ ከቀናት በፊት አፈር የለበሰ እሳት በነፋስ ዳግም መቀጣጠሉ ነበር።

ወጣቱ የተመኘው 30 ኢንች ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ማጠፊያ ነው። ባለሙያው ካርቶን ቆርጦ አሳየው። ሁለቱ ትይዩ ጠርዞች ያለ ችግር ይታጠፋሉ። ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ሲደረስ ግን፣ የቆሙት ግድግዳዎች ላሜራውን ከሚጫነው ብረት ጋር ይጋጫሉ። ባለ ጣት ማጠፊያ የተፈለሰፈው ለዚህ ነው፦ ተጫኙ ብረት በተለያየ ስፋት የተከፋፈለ ስለሆነ፣ በግድግዳዎቹ መካከል የሚገቡትን ጣቶች አስቀርቶ ሌሎቹን ማውለቅ ይቻላል።

ቀጥሎ ውፍረት። አዲስ አበባ ቤት ክዳን የገዛ ሰው 32 ጌጅ ከ28 እንደሚሳሳ ያውቃል። የማይነገረው፣ ቁጥሩ ከብረት ብረት መለያየቱ ነው፦ 20 ጌጅ ተራ ብረት 0.91 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ አሉሚኒየሙ 0.81 ነው። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ለማጠፍ የሚያስፈልገው ኃይል ወደ አራት እጥፍ ያድጋል። ማሽኑ ላይ የተጻፈው አቅም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለለስላሳ ብረት ነው፤ ስቴንለስ ይዞ የሚመጣ ሰው ቅር ይለዋል። ዚንክ የተቀባ ላሜራም ለፍም አይሆንም፤ ሽፋኑ በሙቀት ይላጣል፣ ሲብስም ጭሱ ያሳምማል።

ታዲያ ምን ይግዛ? ምንም። ለአንድ ትሪ ሞርሳ፣ ሁለት አንግል ብረት፣ በትሪው የውስጥ ስፋት ልክ የተቆረጠ ጠንካራ እንጨትና የጎማ መዶሻ ይበቃሉ። የመርካቶ ምናለሽ ተራ ባለሙያዎች ከዚህ ባነሰ ስንቱን ሠርተዋል! ላሜራ ሲለቁት ጥቂት ስለሚመለስ፣ ከ90 ዲግሪ ትንሽ አሳልፎ ማጠፍ ነው። ሌላ መሣሪያ ካስፈለገ፣ ለአባላቱ የሚያውሰው ዴንቨር ቱል ላይብረሪ አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወጣቱ ትሪውን ይዞ መጣ። አራቱም ግድግዳዎች ቆመዋል፤ አውራ ጣቱ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። የላይኛውን ስለታም ጠርዝ ወደ ውስጥ ማጠፍ ፈልጎ ነበር።

«እሱማ» አለ ባለሙያው ትሪውን እያገላበጠ፣ «ግድግዳው ሳይቆም ነበር።»