የቤት ዕቃን በጓዳ ውስጥ በሚገኙ ነገሮች ማጽዳት

መግቢያ

የቤት ጽዳት ሲነሳ ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ከሱቅ ስለሚገዛ ሳሙና ነው። ይሁን እንጂ በየቤታችን ጓዳና ምድጃ ዳር የሚገኙት አመድ፣ ሎሚ፣ ኮምጣጤና ጨው በተገቢው ቦታ ከዋሉ ብዙውን ሥራ ይሠራሉ። እናቶቻችን ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው የትኛው ለየትኛው እድፍ እንደሚስማማ፣ ምክንያቱንና መደረግ ያለበትን ጥንቃቄ ነው።

ለቅባት፦ አመድ

የእንጨት አመድ ፖታሲየም ካርቦኔት የተባለ ንጥረ ነገር አለው። ይህ ንጥረ ነገር በውሃ ሲሟሟ ቅባትን ከዕቃው ላይ ያላቅቃል፤ ከፊሉንም ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል። አንድ ጣሳ የተነፋ አመድ በአራት ጣሳ ውሃ በጥብጦ ማሳደርና ሲጠልል ከላይ ያለውን ውሃ ቀድቶ መጠቀም ይቻላል። ውሃው እጅን ስለሚልጥ ሥራው እንዳለቀ በንጹሕ ውሃ መታጠብ ያስፈልጋል። የአሉሚኒየም ድስት በአመድ ውሃ ሲዘፈዘፍ ስለሚጠቁርና ስለሚበላ ለብረትና ለብርጭቆ ዕቃ ብቻ ይዋል። ቀለም ከተቀባ እንጨት ወይም ከፕላስቲክ ቃጠሎ የተገኘ አመድ መርዛማ ነገር ሊኖረው ስለሚችል ለዕቃ ማጠቢያ አይሆንም።

ለነጭ ቅርፊት፦ ሎሚና ኮምጣጤ

ውሃ በተደጋጋሚ በሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት አብዛኛው የኖራ ዓይነት ነው። ይህን አመድም ሆነ ሳሙና አያስለቅቀውም፤ አሲድ ግን ያሟሟዋል። ኮምጣጤና ውሃ እኩል ቀላቅሎ ማፍላት፣ ለአንድ ሰዓት ያህል መተው፣ ከዚያም ደጋግሞ ማለቅለቅ ይበቃል። የጠቆረ የመዳብ ወይም የነሐስ ዕቃ ደግሞ ጨው በተነሰነሰበት ግማሽ ሎሚ ቢታሽ ይጠራል፤ ሎሚው ጥቁረቱን ሲያሟሟ ጨው ይፈገፍጋል።

አመድና ሎሚ አንድ ላይ ቢደባለቁ የበለጠ ያጸዳሉ የሚል አስተሳሰብ አለ። ይህ ስሕተት ነው። አንዱ የሌላውን ኃይል ስለሚያፈርስ ሁለቱም ይባክናሉ። በየተራ እንጂ በአንድነት አይጠቀሙባቸው።

የወተት ዕቃ አስተጣጠብ

ወተት ቶሎ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በዕቃው ጉድለት ስለሆነ የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንመክራለን።

1. ወተቱ እንደተገለበጠ ዕቃውን ወዲያውኑ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ማለቅለቅ። የፈላ ውሃ ቢቀድም የወተቱ ፕሮቲን ረግቶ ይጣበቃል።
2. በሙቅ ውሃና በሳሙና ውስጡን በሚገባ መፈግፈግ።
3. ነጭ ቅርፊት ከታየ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ አሽቶ ማለቅለቅ።
4. በመጨረሻ በፈላ ውሃ አለቅልቆ፣ ንጹሕ ቦታ ላይ ደፍቶ በፀሐይ ማድረቅ።

በወይራ ማጠን መልካም ልማድ ነው፤ ለወተቱ ጥሩ መዓዛ ይሰጣል፤ ጭሱም የተዋስያንን መራባት ይገታል። ነገር ግን የሚታጠነው የታጠበና የደረቀ ዕቃ ነው። ጭስ እጥበትን አይተካም። ሎሚና ኮምጣጤም ቢሆኑ ተዋስያንን ሁሉ አይገድሉም፤ የፈላ ውሃ አስፈላጊ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ማሳሰቢያ

በረኪናን ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። ከድብልቁ የሚወጣው ክሎሪን የተባለ ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሕይወት እስከማጥፋት ይደርሳል። ድብልቁ በስሕተት ከተደረገ ወዲያውኑ ከቤት መውጣት ያስፈልጋል፤ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

የፀረ ተባይ ወይም የፀረ አረም መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ወይም ጣሳ በአመድም፣ በሎሚም፣ በፈላ ውሃም ቢታጠብ ለምግብና ለውሃ አይሆንም። መርዙ በዕቃው ገላ ውስጥ ስለሚቀር ጠረኑ ቢጠፋም አትመኑት፤ ለማንም ሳይደርስ ቀዳዳችሁ ከአገልግሎት ውጪ አድርጉት።

በጓዳችን ያለው ነገር ወጪን ይቀንሳል። ጥቅሙ የሚገኘው ግን ለእያንዳንዱ እድፍ የሚስማማውን ለይተን ስንጠቀምና ድንበሩን ስናውቅ ነው።