ለመነገድ ያሰበች ሴት ማንን ታስፈቅድ?

ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣ ብሎ የሀገር ልብስ ገበያውን የቃኘ ሰው ሥራው በጾታ የተከፋፈለ መሆኑን ይረዳል። ጥጡን የምትፈትለው ሴት ናት፤ ሸማውን የሚሠራው ወንድ ነው። መርካቶም ብንዘልቅ ያው ነው። በርበሬና ቅመም ዘንድ ሴቷ ትበዛለች፤ ብረታ ብረት ዘንድ ወንዱ ይበዛል። ይህን ክፍፍል ያወጀ መንግሥት የለም። አንዲት ወጣት «ምን ልነግድ?» ብላ ከማሰቧ በፊት ባህሉ መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቃታል።

ሴቷ የመነገድ ፍላጎት የላትም የሚሉ አሉ። ገበያው ግን ይህን አይመሰክርም። ጠላ ጠምቃ ልጆቿን ያስተማረች፣ ጉሊት ተቀምጣ እቁብ የምትጥል እናት በየሰፈሩ አለች። በፒያሳ የሚገኘውን አንጋፋ ሆቴል ያቋቋሙትም እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ያነሰው ፍላጎት ሳይሆን ይሁንታ ነው። ጉሊቱ የጓዳ መደጎሚያ እስከሆነ ድረስ የሚቃወም የለም። ጉሊቱ ወደ ሱቅ፣ ሱቁ ወደ አስመጪነት ልደግ ሲል ግን «ባልሽ ምን አለ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ዛሬም ከገበያ አልወጣም።

አመለካከቱ ቀደም ሲል ሕግም ይደግፈው ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ነበር። የዚያው ዓመት የንግድ ሕግ ደግሞ አንደኛው ተጋቢ የሌላውን መነገድ መቃወም የሚችልበትን በር ከፍቷል። አለቃው ባል በሆነበት ቤት ተቃውሞው የማን እንደሚሆን ግልጽ ነው።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስትን በቤተሰቡ አስተዳደር እኩል አደረጋቸው። ሜሪ ሆልዋርድ-ድሪማየርና ኡስማን ጋጂጎ ያካሄዱት ጥናት፣ ማሻሻያው ቀድሞ በተተገበረባቸው አካባቢዎች ሴቶች ከቤት ውጪ ወደ ሥራ የመሰማራታቸው ሁኔታ ከሌሎቹ ይበልጥ መጨመሩን አመልክቷል። ይሁንታው ሲገኝ ፍላጎቱ ወደ ሥራ ተለወጠ ማለት ነው።

የቀረው ማነቆ መያዣ ነው። ካርታው በባል ስም ከወጣ ሚስት ባንክ ዘንድ ባዶ እጇን ትቀርባለች። በዚህ በኩል አንዳንድ መንገድ ተከፍቷል። በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ በሴቶች መሥራችነት የተቋቋመው እናት ባንክ ለሴቶች ብድር ትኩረት ሰጥቶ ብቅ ብሏል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ሸቀጥንና ማሽንን የመሳሰሉ ተንቀሳቃሽ ንብረቶችን በመያዣነት ለማስያዝ አስችሏል።

ነጋዴውና ደላላው ከዚህ ምን ይማሩ? በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት የጋራ ቤት ለመሸጥ፣ ለማከራየትም ሆነ ለማስያዝ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ከ500 ብር በላይ ለመበደርም እንዲሁ ነው። ሚስት ሳትስማማ የተዋዋለ ገዢ ውሉ ፍርድ ቤት ሊፈርስበት ይችላል።

እንግዲህ ሱቅ ለመግዛት ወይም ለመሸርከት የሚነሳ ሰው «ባልሽ ምን አለ?» ማለት ከለመደ፣ «ሚስትህስ ፈርማለች?» ማለትንም ይልመድ። ኮሚሽኑ ከመቆጠሩ በፊት።