ለአቦሸማኔዋ ቦታ እንልቀቅላት
ወደ ኬንያው ማሳይ ማራ ለሳፋሪ የሚሄድ ቤተሰብ በጣም የሚመኘው ፎቶ አቦሸማኔ ከነግልገሎቿ ነው። በአብዛኛው የምታድነው በቀን ስለሆነ ዕድሉ አለ። ታዲያ የእኛም መኪና የሚከባት በዚያው ሰዓት ነው፤ አደኗም ይስተጓጎላል። በማራ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ ቱሪስት በሚበዛበት አካባቢ አንዲት እናት ለቁም ነገር የምታደርሰው በአማካይ 0.2 ግልገል ሲሆን፣ ቱሪስት በማይበዛበት ግን 2.3 ነው። ያስደነግጣል!

ስለዚህ ሹፌሩን «ጠጋ በልልን» ከማለት 400 ሚሊሜትር ሌንስ መከራየት ይሻላል። ሞተሩ ይጥፋ፤ ካሜራውን መስኮቱ ላይ ባስቀመጡት የባቄላ ከረጢት ያስደግፉት። አምስት መኪና ቀድሞ ከቆመ ራቅ ብለው ተራ ይጠብቁ፤ ደንቡም ይኸው ነው። ሹፌሮች የሚጠጉት አብዛኛውን ጊዜ እኛን ለማስደሰት ነው (ገበያው እንዲህ ነው የሚሠራው)፤ ርቀቱን ለጠበቀው ጉርሻውን ጨመር ያድርጉለት።